የተገለበጠው አድማስ

ኮሎኔል ሀብተሚካኤል የሞቱት ተዋጊ ጄት ውስጥ ተቀምጠው ነው። ጄቱ ግን ከአቃቂ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። በግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ከተጣለ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር የተገጠመለት የአብራሪ ክፍል ነበር። ከፊቱ ሰፊ የኮምፒውተር ስክሪን ተሰቅሏል፤ ከስክሪኑ ሥር ክብ ክብ መለኪያዎች የተደረደሩበት የእንጨት ሰሌዳ አለ። ኮሎኔሉ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚያ ተቀምጠው፣ በወጣትነታቸው በእውነት ያበሩት የነበረውን ጄት በኮምፒውተር ጨዋታ ሲያበሩ ይውሉ ነበር።

ኢንስፔክተር ሃዊ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተጠርታ ስትደርስ፣ ሰውየው አንገታቸው ዘንበል ብሎ፣ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ አርፈው አገኘቻቸው። ፊታቸው አልገረጣም፤ ፀሐይ እንደመታው ሰው ቀላ ብሏል። በሩ ተከፍቶ እንኳ ክፍሉ የተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል።

«አደጋ ነው» አለ ቀድሟት የደረሰው ሳጅን የሺዋስ። «መብራት ጠፋባቸው፤ ጀነሬተር አስነሡ። ጭሱን ከማርሚታው ተቀብሎ ከአጥር ውጭ የሚያወጣው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ወልቋል። ጭሱ በዚህች በሽቦ ማስገቢያዋ ቀዳዳ ገባ። መስኮቱ እንደሚያዩት በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነው፤ ብርሃን ስክሪኑን እንዳይረብሽባቸው። እንደተቀመጡ አሸለቡ፤ ቀሩ።»

ሃዊ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። ባሏን ክረምት ላይ ከቀበረች ወዲህ ንግግሯ አጥሯል። አለቆቿ እረፍት ውሰጂ ብለዋት ነበር፤ ቤት መዋልና ሥራ መዋል ልዩነቱ ስላልታያት ሥራዋን መረጠች። ድሮ ሬሳ ስታይ የሚሰማት ነገር አሁን የለም። በቦታው ምንም አልተተካም። ዐይኗ ብቻ ያያል፤ ያየውን ያስቀምጣል።

ወደ ጓሮ ዞረች። ጀነሬተሩ ከሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቆሟል። የቱቦው መጋጠሚያ ተለያይቶ፣ አፉ ወደ ቀዳዳዋ ዞሯል። ጎንበስ ብላ መሬቱን ፈተሸች። መጋጠሚያውን ያጠብቅ የነበረው ብሎን አፈሩ ላይ የለም። ቀና ስትል አየችው። ከአጥሩ ድንጋዮች ወጣ ባለችው በአንዷ ላይ፣ ከነቀለበቱ፣ እንዳይጠፋ ተብሎ እንደተቀመጠ ነገር ተቀምጧል።

«ንዝረት ያላላው ብሎን ይወድቃል» አለች። «ተራምዶ ድንጋይ ላይ አይወጣም።»

ተከትሏት የመጣው የሺዋስ ብሎኑን ከነድንጋዩ ፎቶ አነሣው።

የኮሎኔሉ ባለቤት ወይዘሮ አደሴ ሳሎን ውስጥ፣ ከለቅሶ ቤት የመጡበትን ነጠላ ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ጎረቤቶች ዙሪያቸውን ከበው ያለቅሳሉ፤ እሳቸው አያለቅሱም። ሃዊ ሴቶቹን አስወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶ ቤት ነበርኩ» አሉ። «እዚያ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ ወጥ ስሠራ ነው የዋልኩት። ስመጣ ጀነሬተሩ ይጮኻል። ጠራሁት። ዝም ሲለኝ ጀነሬተሩን አጠፋሁና በሩን ከፈትኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። መጥቼ እዚህ ተቀመጥኩ።»

«ቱቦውን እሳቸው ራሳቸው ነክተውት ይሆን?»

«እሱ?» ወይዘሮ አደሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ። «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ። ውኃ በብርጭቆ አይሰጠውም፤ ይደፋዋል። ብሎን መፍታት ቀርቶ የሸሚዙን ቁልፍ እኔ አልቆልፍለት ነበር እንዴ? ያን የጄት መሪ ሲይዝ ብቻ ይረጋለታል። ሽማግሌ ሰው ጨዋታ ሲጫወት ይውላል እያሉ ሲስቁበት፣ እኔ ያልተናገርኩት ለዚያ ነው።»

«ግቢውን የሚከፍት ቁልፍ ያለው ማን ማን ነው?»

«ዚያድና ዮዲ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች። ደግሞ ገብረጻድቅ። አብረውት ነው የሚሠሩት። ነገ ሁላቸውንም ጠርቷቸው ነበር፤ የሚያሳያቸው ነገር ነበረው። ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም።»

ከሳሎን ሲወጡ የሺዋስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘለላ እንባ የላቸውም። ይኼ ደግ ምልክት አይመስለኝም።»

«እንባ ማስረጃ አይሆንም» አለች ሃዊ። «ሲኖርም፣ ሲጠፋም።»

ውጭው ደንገዝ ብሏል። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለችው የሐጀራ ሱቅ አምፖሏ በርቷል፤ ከሱቋ ጋር አጥር የሚጋራው ቤትም በርቷል። መንገዱ በሙሉ በርቷል። የኮሎኔሉ ቤት ብቻ ጨልሟል። ሃዊ መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

«መብራት ስንት ሰዓት ተመለሰላችሁ?»

«ዛሬ?» አለች ሐጀራ፣ ስኳር እየሰፈረች። «ዛሬስ አልጠፋም፣ አልሐምዱሊላህ። ፍሪጄ ሲንቀጠቀጥ ነው የዋለው። ለስላሳውን ነክተሽ ማየት ትችያለሽ፣ የኔ እህት፤ በረዶ ነው። የጠፋው ሐሙስ ነበር፤ የዚያን ቀን መንገዱ ሁሉ አንድ ላይ ነው የጨለመው። የእኛ መስመር አንድ ነው፤ አንዱ ጋ ጠፍቶ አንዱ ጋ አይበራም።»

«ይኼ ከአንቺ ጋር አጥር የሚጋራው የማን ቤት ነው?»

«የጋሽ ገብረጻድቅ። የኮሎኔሉ ጓደኛ። አይ፣ ሰውየው እንዴት ይሆኑ ይሆን!»

ሃዊ ወደ ግቢው ተመልሳ ከበሩ ጎን ያለውን የቆጣሪ ሣጥን ከፈተች። ማጥፊያው ወደ ታች ወርዷል። በመሐረብ ይዛ ወደ ላይ መለሰችው። የኮሎኔሉ ቤት በሙሉ በራ።

እሑድ ጠዋት ኮሎኔሉ የጠሯቸው ሰዎች ለጥሪው ሳይሆን ለለቅሶ መጡ። በግቢው ድንኳን ተተክሏል። ሃዊ አንድ በአንድ ከድንኳኑ እያስነሣች በሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ አነጋገረቻቸው።

መጀመሪያ ዚያድ መጣ። አባቱ ቃሊቲ ውስጥ የቤት ዕቃ ይነግዳል፤ እሱ ሶፍትዌር ተምሮ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ፊት ነበረው።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። «እዚህ ቤት ውስጥ የምትሠሩት ምንድን ነው?»

«ጄቱን ውጭ አገር ያለ አንድ የማናውቀው ሰው ነው የሠራው፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቀቀው። ማንም አውርዶ በበረራው ጨዋታ ውስጥ ማብረር ይችላል። ጋሼ ሲያዩት ውጪው ልክ ነው፣ ውስጡ ግን የእኛ አይደለም አሉ። ከፍታው በጫማ፣ ፍጥነቱ በኖት ነበር። እሳቸው ያበሩት በሜትርና በኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ቀየርን። ዮዲ የመለኪያውን ፊት ትስላለች፤ ቀለሙ የት የት እንደሚላጥ ሳይቀር። እኔ መርፌው እንዴት እንደሚዞር እጽፋለሁ። ጋሽ ገብረጻድቅ ደግሞ ይሄን የእንጨት ሰሌዳ ሠሩ፤ ስክሪኑ ላይ የተሳለው መርፌ ሲዞር የእንጨቱም አብሮ ይዞራል። ከእያንዳንዱ መለኪያ ጀርባ ትንሽ ሞተር አለች።» ወደ ሰሌዳው በጣቱ ጠቆመ። «ጋሼ ሞተር ሲነሣ መርፌዋ ካልተንቀጠቀጠች አይቀበሉኝም ነበር። ለአንዲት መንቀጥቀጥ ስንት ጊዜ አመላለሱኝ።»

«ከኮሎኔሉ ጋር ተጣልታችሁ እንደነበር ሰምቻለሁ።»

«አዎ። ሥራችንን ሳላስፈቅዳቸው ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁት። ‹ዋናው ነገር ሳያልቅ!› ብለው ጮኹብኝ። እኔም መለስኩላቸው፤ ያልሆነ ቃል ወጣኝ። ዓርብ ግን ራሳቸው ጠሩኝና ዋናውን ነገር ነገሩኝ። አድማስ አመልካቹን ገልብጥልኝ አሉ።»

«እሱ ምንድን ነው?»

ዚያድ ከሰሌዳው መሐል ያለውን ትልቁን ክብ መለኪያ አሳያት። በላዩ ትንሽ የአውሮፕላን ምስል ተለጥፎበታል። «ደመና ውስጥ ሲገቡ ሰማይና ምድር አይለይም። ሰውነትዎ ይዋሻል፤ ቀጥ ያሉ ይመስልዎታል። የትኛው ክንፍ እንደወረደ የሚነግርዎ ይሄ ብቻ ነው። ጋሼ የፈለጉት እንዲዋሽ ነው። ጄቱ ወደ ግራ ሲያዘነብል ምስሏ ወደ ቀኝ እንድታዘነብል። ፋይሉ ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ጨመርኩ፤ በቃ። ለምን ብላቸው ‹እሑድ ሁላችሁም ባላችሁበት› አሉኝ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደወሉልኝ። ‹ስክሪኑም እንጨቱም እንደፈለግሁት ይገለብጣሉ፤ ተባረክ› አሉ። መጨረሻ የሰማሁት ድምፃቸው እሱ ነው።»

«የሰሌዳውን ጀርባስ ትነካለህ?»

«አልነካም። ልጅ ሳለሁ ኤሌክትሪክ ይዞኝ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ጋሽ ገብረጻድቅም ማንንም አያስነኩም።»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤት። ብቻዬን።»

ቀጥላ ዮዲ መጣች። የንግድ ቤት ታፔላ የምትነድፍ፣ ከእናቷ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሴት ናት። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች።

«ኮሎኔሉ ላይ እንደጮኽሽ ይናገራሉ።»

«ጮኼባቸዋለሁ። ‹አባቴን መጫወቻ አታድርጉት› ብያቸዋለሁ።» አስተያየቷ ሩቅ ነው። «አባቴ ፀሐዩ ይባላል። ከጋሼ ጋር ጎን ለጎን ያበር ነበር። እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሞተው። ደመና ውስጥ ጄቱን በጀርባው ገልብጦ ኮረብታ ላይ ጣለው። ‹የአብራሪው ጥፋት ነው› ተባለ። እናቴ ያንን ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ። የሚበር ሰው ሚስት ስትባል ኖራ፣ ጄት የጣለ ሰው ሚስት ተባለች። ጋሼ ባለፈው እሑድ ‹የፀሐዩን የመጨረሻ በረራ አሳያችኋለሁ፤ እናትሽንም አምጫት› ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ጨዋታ ላይ ሲሞት ልናይ ነው? አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አልመጣሁም፤ ቅዳሜ ከሰዓትም ሥራ ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ።»

«አሁንስ ምን ይሰማሻል?»

ዮዲ አሰበች። «ምንም» አለች። «እንዲሰማኝ እየጠበቅሁ ነው።»

ሃዊ ራሷን ነቀነቀች። ጠባዩን ታውቀዋለች።

አቶ ገብረጻድቅ የመጡት ጋቢያቸውን ተከናንበው ነው። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ሃዊ ወንበር ብታቀርብላቸው መጀመሪያ ወንበሩን ነቅነቅ አድርገው እግሩ መርጋቱን አይተው ተቀመጡ።

«ከሀብቴ ጋር የተዋወቅነው በልጅነት፣ ጦር ሰፈር ነው» አሉ። «እሱ ያበራል፤ እኔ መለኪያዎቹን እጠግናለሁ።»

«የፀሐዩንም ጄት?»

«የሁሉንም።»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ዋሉ፣ አባቴ?»

«ቤቴ። ብቻዬን ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ሬዲዮኑም ዝም አለ፤ ወዲያው የሀብቴ ጀነሬተር ሲነሣ ሰማሁ። ልሂድ አልኩና ተውኩት። ሄጄ ቢሆን ኖሮ…» በጋቢው ጫፍ ፊታቸውን አበሱ። ጫፉ ግን ደረቅ ነበር።

ሃዊ አመስግና ሸኘቻቸው። ከዚያ ዚያድን መልሳ ጠርታ ኮምፒውተሩን አስከፈተችው። እሷው የሚኒባሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጄቱ ስክሪኑ ላይ ተነሣ፤ ከሥሩ ቢጫ ማሳ ወደ ኋላ ይሸሻል። መሪውን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ ገፋችው። መሬቱ አዘነበለ። ስክሪኑ ላይ የተሳለውን አድማስ አመልካች አየች፤ የእንጨቱንም አየች። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ደጋግማ ሞከረችው። ዚያድ ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ቆየና አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ያየኸውን ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

ልጁን አስወጥታ የሰሌዳውን ጀርባ በባትሪ አበራችው። እያንዳንዱ መለኪያ በብሎኖች ተይዟል፤ ብሎኖቹም እንዳይላሉ እርስ በርሳቸው በተጠመዘዘ ቀጭን ሽቦ ታስረዋል። ሁሉም ሽቦ ደብዝዞ አቧራ ጠጥቷል። የአንዱ መለኪያ ሽቦ ብቻ ገና ከጥቅሉ እንደወጣ ያብረቀርቃል። የሺዋስን ጠርታ ፎቶ አስነሣችው።

እኩለ ቀን ሲሆን አራቱንም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ አደሴ በሩ አጠገብ፣ ዮዲና ዚያድ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አቶ ገብረጻድቅ በርጩማ ላይ ሆኑ። የሺዋስ በሩን ዘግቶ ቆመ። ከድንኳኑ የለቃሽ ድምፅ ይመጣል፤ ይሄዳል።

«ኮሎኔሉ ዛሬ እዚህ ሊያሳዩአችሁ የነበረውን እኔ አሳያችኋለሁ» አለች ሃዊ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ሳትቀንስ። «አስቀድሜ ግን፣ ይኼ አደጋ አይደለም። ቱቦው በንዝረት አልወለቀም። ብሎኑን የፈታው ሰው ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል። መብራትም አልጠፋም፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲበራ ነው የዋለው። አንድ ሰው ከደጅ ቆጣሪውን አጠፋ። ኮሎኔሉ እንደወትሮው መብራት ሄደ ብለው ጀነሬተራቸውን አስነሥተው ወደ በረራቸው ተመለሱ። ያ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።»

«ማነው?» አሉ ወይዘሮ አደሴ። ቃሉ ከአፋቸው ወጣ እንጂ ፊታቸው አልተለወጠም።

«እርስዎ ቀኑን ሙሉ በሰው መካከል ነበሩ። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ቁልፍ አላቸው፤ ሦስቱም ብቻዬን ነበርኩ ይላሉ። ዚያድ፣ መሪውን ወደ ግራ ግፋው።»

ዚያድ ተቀምጦ ገፋው። ስክሪኑ ላይ መሬቱ አዘነበለ።

«ዮዲ፣ ስክሪኑ ላይ የተሳለው አድማስ አመልካች ወዴት ነው?»

«ወደ ቀኝ።» ዮዲ ቀረብ አለች። «የተገለበጠ ነው።»

«የእንጨቱስ?»

«ወደ ግራ። እሱ ልክ ነው።»

«ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግን ሁለቱም ይገለብጡ ነበር። ኮሎኔሉ ራሳቸው ደውለው ለዚያድ ነግረውታል። እንግዲህ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው የእንጨቱን አቅንቷል። ኮሎኔሉ በሕይወት ሳሉ ቢነካው ያዩት ነበር፤ ስለዚህ ያቀናው ከሞቱ በኋላ ነው። ቱቦውን ለጊዜው ከቀዳዳዋ መልሶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ጭሱ እስኪወጣ ጠብቆ፣ ገብቶ፣ ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ሠራ። ከዚያ ቱቦውንም በሩንም እንደነበሩ መለሰ። እሳቸው ራሳቸው አቀኑት እንዳይባል፣ እጃቸው ካቻቢቴ መያዝ አይችልም ነበር።»

ዚያድ እጁን ከመሪው ላይ አነሣ።

«ዚያድ ወይም ዮዲ መገለበጡን ሊደብቁ ቢፈልጉ» ስትል ቀጠለች «ከፋይሉ ላይ የመቀነስ ምልክቷን ያጠፉ ነበር። ፋይሉ ሲቃና ስክሪኑም እንጨቱም አብረው ይቃናሉ። ይኼን ሁለቱም ያውቃሉ። ያቀናው ሰው ግን ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። መለኪያ ሲገለብጥ ካየ ጥፋቱን ሽቦው ውስጥ ነው የሚፈልገው። ከፈተው፤ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየራቸው፤ የእንጨቱ ተቃና። መልሶ ሲያስር ደግሞ ብሎኑን በአዲስ ሽቦ ጠምዝዞ አሰረ፤ ሌሎቹ አርጅተው እሱ ብቻ ያበራል። አውሮፕላን ሲጠግን የኖረ እጅ ብሎን ፈትቶ መሬት አይጥልም፤ ሳያስርም አይሄድም።»

ማንም ወደ በርጩማው አላየም። ማየት አያስፈልግም ነበር።

«አቶ ገብረጻድቅ፣ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮኔ ዝም አለ ብለውኛል። ከእርስዎ ጋር አጥር የምትጋራው ሐጀራ ቤት ፍሪጁ ሲሠራ ውሏል። መብራት የጠፋበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ያን የሚያውቀውም ያጠፋው ሰው ነው።»

አቶ ገብረጻድቅ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። ጠርዙን ከጠርዝ ጋር አስተካክለው፣ ደግመው አጠፉት።

«ልክ ነበሩ» አሉ።

«ምኑ?»

«ሽቦዎቹ። ከፍቼ ሳያቸው በቦታቸው ነበሩ። ሀብቴ በሰው እጅ አገላብጦ ያሳሰራቸው መስሎኝ ነበር፤ ልክ ነበሩ። ግን ይገለብጣል። ግራ ገባኝ። ስክሪኑ ላይ የተሳለውን ልብ ሳልለው፣ ልክ የነበረውን ሽቦ ነው ያቀያየርኩት።» ዐይናቸው ከሰሌዳው አልተነቀለም። «ያን ጊዜ ነው ልክ ያልነበረው። የፀሐዩ ጊዜ። መለኪያው ተጠግኖ መጣ፤ ቶሎ ግጠም አሉኝ፤ ገጠምኩት። መሬት ላይ ሲታይ ደህና ነው። ደመና ውስጥ ገባ። ወደ ግራ ሲያዘነብል ቀኝ ነህ አለው፤ እሱም መለኪያውን አምኖ የባሰ ወደ ግራ መለሰው። መለኪያህን እመን ተብሎ ነው የተማረው። የገባኝ ከቀብሩ ስንመለስ ነው፤ እጄ ያደረገውን እጄ አስታወሰኝ። ኮሚቴው የአብራሪው ጥፋት ነው ብሎ ፈርሞ ነበር። እኔም ዝም አልኩ።»

«ሀብተሚካኤል መቼ አወቁ?» አለች ሃዊ።

«እዚህ ወንበር ላይ። ፀሐዩ ሲወድቅ በዐይኑ ያየ እሱ ነው። ያየውን አወዳደቅ ጨዋታው ላይ ስንት ጊዜ ሞከረው፤ አልመጣለትም። መለኪያውን በሐሳቡ ገልብጦ ሲሞክር መጣለት። ወደ ቤቴ መጥቶ ‹ከእኔ ከሚሰሙ ከአንተ ይስሙ፤ አጠገብህ እቆማለሁ› አለኝ። አልጮኸብኝም። እሺ አልኩት።»

«እና ለምን?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዮዲ ዞሩ። «እናትሽ በየዓመት በዓሉ ጠርታ ታበላኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሸሻት የምጠይቃት እኔ ብቻ ነበርኩ። ‹አንድ ሰው እንኳ ተረፈልኝ› ትለኝ ነበር፤ እያጎረሰችኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ቢሰማ ግድ አልነበረኝም። እሷ ግን…»

ዮዲ ወደ እሳቸው አልሄደችም። አልጮኸችም። ወደ ግድግዳው ተመልሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ አደሴ ተነሡና ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ያያሉ።

«አንተ ሰው» አሉ ወይዘሮ አደሴ ቀና ሳይሉ፣ «አጠገብህ እቆማለሁ ነው ያለህ። ሀብቴ ቃሉን አጥፎ ያውቃል?»

አቶ ገብረጻድቅ ተነሥተው የታጠፈውን ጋቢ በርጩማው ላይ አስቀመጡ። የሺዋስ ሲቀርባቸው እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉ። ለቀስተኞቹ እንዳያዩ በጓሮው በር ይዟቸው ወጣ።

ሃዊ ትንሽ ቆየች። የፈታችው ነገር ደስ ሊያሰኛት ይገባ ነበር፤ ወይም ሊያሳዝናት። ሁለቱም አልመጡም። የሥራ ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ ተጠርጣሪው መያዙን ነገረች፤ ፀሐዩ ጥፋተኛ የተባለበት የድሮ አደጋ እንደገና እንዲታይ እንደምትጽፍም ነገረች። አለቃዋ «የሞተ ፋይል ምን ያደርግልሻል?» አላት። «ባለቤቶቹ አልሞቱም» አለችው፤ ዘጋች።

ስትዞር ዮዲ ወለሉ ላይ እንዳለች ስልኳን ይዛለች። ወይዘሮ አደሴም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ኮዬ ፈጬ ላይ አንድ ስልክ ጠራ፤ ቆይቶ ተነሣ።

«ዮዲዬ፣ ቀብሩ አለቀ?»

«ገና ነው። እማዬ… አባዬ ጥፋት የለበትም። መለኪያው ነው የዋሸው። ተገልብጦ ተገጥሞ ነበር። ፖሊስ አረጋግጧል።»

ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ዚያድ ለመስማት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ፤ ቁጣም ደስታም የለበትም፤ እንደ ደከመ ሰው ዝግ ያለ ነው።

«አሁን ለማን ልንገረው?» አሉ። «የአባትሽ እናት ሞቱ። እናቴ ሞተች። የሰደቡኝም አልቀዋል። ሀብተሚካኤልም ሄደ። ይኼን ይዤ ወደ ማን ልሂድ?»

ዮዲ በወይዘሮ አደሴ ትከሻ ተመርኩዛ ተነሣች።

«ለእኔ ንገሪኝ፣ እማዬ» አለች። «ሰምቼው አላውቅም። እየመጣሁ ነው።»